ቅርፊት ያለው ዓሣ

ኦክላንድ ውስጥ የሚያውቁኝ የአገሬ ሰዎች «ሐዋርያው» ይሉኝ ነበር። ከመካከላቸው እኔን ያህል ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ሰው አልነበረም፤ ስሙን ያወጡልኝ ዓሣ ስለማጠምድ ብቻ ነው። ቀልዱ አያረጅባቸውም። ገና ከምንገናኝበት ምግብ ቤት በር ስገባ አንዱ «መረብህን ጥለህ ተከተለኝ» ይላል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ፣ እኔ ቢራዬን አዝዛለሁ። እኔ የዚያ የተማሪ ትውልድ ሰው ነኝ። ገና ጢሜ ሳይበቅል እግዚአብሔርን በክርክር የረታሁት መስሎኝ የወጣሁ፣ ከዚያም ተመልሼ ጉዳዩን ያላየሁት ነኝ።

ዓሣ ማጥመድ ያስተማሩኝ ሳን ሆዜ በምሠራበት ኩባንያ ከጎኔ ተቀምጠው ሰርኪት ቦርድ የሚበይዱ አንድ ፊሊፒናዊ ሽማግሌ ናቸው። ሥራ የምንገባው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋቱ የራሳችን ነበር። አንድ ቀን ኤመሪቪል ወስደውኝ፣ እንደ ድልድይ ባሕሩ ውስጥ ገባ ብሎ በተሠራው ፒየር ላይ አቁመው፣ ዘንግ አስጨበጡኝና «አሁን ዝም በል» አሉኝ። ዝም ማለት የማልችል ሰው ነኝ። እኛ ባደግንበት ክበብ ዝም ያለ ሰው የተረታ ሰው ነበር። እዚያ ግን ዝም አልኩ፤ ወደድኩትም። በዚያ ዘመን ሁለት ኢትዮጵያዊ ከተገናኘ «አቋምህ ምንድን ነው?» ሳይባባል አይለያይም። ዓሣ አቋም አይጠይቅም። ክሩን ጥዬ ውሃውን እያየሁ ከማንም ጋር ሳልጣላ አረፍዳለሁ።

የያዝኩትን መልሼ እለቅ ነበር። ዓሣ መብላት ብዙም አይሆንልኝም፤ ሽማግሌው ከፈለጉት እሰጣቸዋለሁ፣ ካልፈለጉት ወደ ውሃው። ይህ ነገር ጥያቄ ሊያስነሳ እንደሚችል ያወቅኩት እናቴ ከደብረ ማርቆስ ልትጠይቀኝ የመጣች ጊዜ ነው። ዘንጌን ተሸክሜ ስገባ አየችኝ።

«የት ውለህ ነው?»

«ዓሣ ሳጠምድ።»

«የታለ ታዲያ?»

«ለቀቅኩት።»

«ከጠላኸው ለምን ያዝከው? ከወደድከውስ ለምን ለቀቅከው?» አለች።

እናቴ በመጣች በጥቂት ወራት ውስጥ የሐሞት ጠጠር ጣላት፤ ሆዷን ተከፍታ ጠጠሩ ወጣላት። ኦፐሬሽኑ በሰላም አለቀ። ችግሩ የመጣው ከቁስሉ ነው። የስፌቱ የታችኛው ጫፍ አልገጥም አለ። በየሁለት ቀኑ ቤት እየመጣች ፋሻ የምትቀይርላት ነርስ፣ ደግነቱ የእኛው አገር ልጅ ነበረች። ያ ሰሞን ደግሞ ሁዳዴ ገብቷል።

«እማማ፣ ዉንዱ ክሎዝ እያደረገ አይደለም» አለቻት አንድ ጠዋት። «ፕሮቲን ያስፈልግዎታል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት። አለዚያ ሂል አያደርግም።»

«አንቺ ልጅ፣ ክርስቲያን አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ እማማ።»

«እንግዲያው ምን ወቅት እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ልጅቷ ስትወጣ በር ላይ ያዘችኝ። «ጋሼ፣ በናትህ ቶክ አድርጋቸው። ኢንፌክሽን ከገባበት እንደገና ኦፐሬሽን ነው። በእሳቸው ዕድሜ ደግሞ ሪስኩ ቀላል አይደለም» አለችኝ።

ቶክ አደረግኳት። እኔ ቶክ ሳደርግ ጎረቤት ይሰማል። ጮህኩ፣ ለመንኩ፣ ሳይንስ ቆጠርኩ። እሷ ሽሮና ምስር በልታ እኔን የሚያህል ወንድ እንዳሳደገች ነገረችኝ። እውነቷን ነው፤ ያን ጊዜ ግን በቀን አንዴ የምትቀምሳት ምግብ ለወፍም አትበቃም ነበር። የስልክ ካርድ ገዝቼ ደብረ ማርቆስ ላሉት የነፍስ አባቷ ደወልኩላት። ለብዙ ደቂቃ «እሺ አባቴ፣ እሺ አባቴ» ስትል ቆይታ እጀታውን ሳመችና ዘጋችው።

«ምን አሉሽ?»

«ለታመመ ሰው ጾም የለበትም፣ ፈትቼሻለሁ አሉኝ።»

«ተመስገን! በግ ልግዛ?» አልኩ። ተመስገን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

«ሥጋማ አይሆንም። በሁዳዴ ሥጋ እንዴት ጎሮሮዬ ይወርዳል? ዓሣ ከሆነ እሞክራለሁ።»

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ወዲያው ሱቅ ሮጬ ነጭ፣ አጥንት የሌለው፣ በፕላስቲክ የታሸገ ዓሣ ይዤላት መጣሁ። አገላብጣ አየችው።

«ራሱስ? ቆዳውስ? ክንፍና ቅርፊት የሌለው ዓሣ ርኩስ ነው። ይኼ ቅርፊት እንደነበረው በምን አውቃለሁ?»

«ስሙ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል እኮ እማዬ።»

«ወረቀቱን አልበላ።»

በማግስቱ ቻይናታውን ወሰድኳት። በገንዳ ውስጥ በሕይወት ያሉ ዓሦች ይሸጡ ነበር፤ እዚያ እንኳ ራስም ቆዳም አይጠፋም ብዬ። እሷ ግን ከዓሦቹ ቀጥሎ ባለው ገንዳ ኤሊና እንቁራሪት አየች። ሻጩ ደግሞ በዚያው መረብ ከአንዱም ከሌላውም ገንዳ ሲጨልፍ አየችው። ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ወጣች። መኪና ውስጥ ሆና «አንተ ዓሣ ታጠምድ የለም እንዴ?» አለችኝ። ለካ ነገሩ እግሬ ሥር ኖሯል።

ፊሊፒናዊውን ሽማግሌ አማከርኳቸው። ለታመመ ሰው ከሆነ የኤመሪቪሉ ውሃ ይቅርብህ፣ ብዙ ቆሻሻ አለበት፤ ወደ ውቅያኖሱ ሂድ አሉኝ። በጸደይ ከዳሊ ሲቲ ወዲያ፣ ፓሲፊካ ካለው ፒየር ላይ ፐርች የሚባለው ጎኑ ዝርግ የሆነ ብርማ ዓሣ ይነክሳል። እሳቸውም አብረውን መጡ። እናቴ በጃኬቷ ላይ ጋቢዋን ደርባ፣ በታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ጉሙ ውስጥ ግማሽ ፊቷ ብቻ ይታያል። ልጇ ምን እንደሚያወጣ በዓይኗ ለማየት መጥታለች።

መጀመሪያ ያወጣሁት ሸርጣን ነው። መንጠቆው ላይ ያሰርኩትን ማባበያ በጉጠቱ ነክሶ ተንጠልጥሎ ሲመጣ እናቴ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች። «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ሲባል እሰማ ነበር» አለች። ቀጥሎ አንዲት ትንሽ ሻርክ መጣች። እናቴ ጎንበስ ብላ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጎኗን ፋቀች፤ የተነሳ ነገር የለም። «ይኼ ቆዳ ነው፤ መልሳት።» ሽማግሌው ግን ሻርኳን ለሾርባ ፈለጓትና እየሳቁ ወሰዷት። ከዚያ ሁለት ዓይኑ ባንድ ጎኑ የወጣ ጠፍጣፋ ዓሣ። «ይኼስ ምን ጉድ አይቶ ነው ዓይኑ እንዲህ ባንድ በኩል የቀረው?» ብላ አማተበች። መለስኩት። እጄ ደንዝዟል፣ ተናድጃለሁ፣ የማላምንበትን የኦሪት ሕግ በውቅያኖስ ዳር ቆሜ እያስፈጸምኩ መሆኔም ገርሞኛል።

ፐርቹ የመጣው ልንሄድ ስንል ነው። ትልቅ አይደለም፤ መዳፍ ያህላል። እናቴ እርጥብ ሲሚንቶው ላይ እንዳለ ያዘችውና በጥፍሯ ከጭራው ወደ ራሱ ፋቀችው። ቅርፊቱ ጥፍሯ ላይ ተለጠፈ። ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ አሳየችኝ። ፊቷ በርቷል።

«ይኼ ዓሣ ነው» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲያ ፒየሩ ላይ ዳኛ ሆነች። ሽማግሌው ያወጡትን ሁሉ እያመጡ ፊቷ ያስቀምጣሉ፤ እሷ በጥፍሯ ትፈርዳለች፤ ከምታውቀው እንግሊዝኛ ሁለቱን ቃላት «ዬስ» እና «ኖ»ን ለዚሁ መድባቸዋለች። ቀስ በቀስ ሌሎቹ አጥማጆችም ማምጣት ጀመሩ። የማይበላውን ስለምትለይ አዋቂ ናት ብለው ያስባሉ መሰለኝ። እሷም አልካደችም።

ዓሣው ቤት ገብቶ፣ ቅርፊቱ ተፍቆ፣ ሆዱ ተዘርግፎ፣ በሽንኩርትና በበርበሬ፣ በዘይት ተሠርቶ ቀረበላት። በላች! በደንብ በላች። ሥራ እየሄድኩ ሀይዌዩ ላይ ብቻዬን አፏጨሁ። በማግስቱ ግን የተረፈውን ሳሞቅላት ሰሃኑን ገፋችው። ምስሯን ይዛ እስኪመሽ ጠበቀች። ደክሟት ይሆናል አልኩ። በሦስተኛው ቀን ዓሣውን በላች። በአራተኛው ገፋችው። ነርሷ መጥታ «ኢምፕሩቭ አድርጓል፣ ግን በጣም ስሎው ነው። በየቀኑ ነው የሚበሉት?» ስትላት እናቴ ጣራ ጣራውን አየች።

የዚያን ሳምንት ፓሲፊካ ላይ፣ እናቴን ያስደሰተ ወፍራም ፐርች ያዝኩ። ቅርፊቱ ተፈትሾ አልፏል፣ ባልዲ ውስጥ ነው። «ዛሬ ይኼን ትበያለሽ» አልኳት።

«ዛሬ አይደለም። ነገ።»

«ለምን?»

«ዛሬ የአንተ ቀን ነው።»

አልገባኝም። ዓይኗን ከውሃው ሳታነሳ አስረዳችኝ፤ የወጥ አሠራር እንደምታስረዳ ሰው ሆና፣ ሳትቸኩል። ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥቼ በሁዳዴ መሐል ወተት አፍልቼ በፊቷ የጠጣሁ ጊዜ ነው የጀመረችው። ያን ጊዜ ምንም አላለችኝም። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የራሷን ትጾማለች፤ ከዘጠኝ እስከ ማታ የእኔን። አሁን ስትታመም አቅሙ አልበቃ ስላላት ቀኑን ከፈለችው፤ አንድ ቀን የእሷ፣ አንድ ቀን የእኔ።

«አባ እኔን ፈቱኝ» አለች። «አንተን ማን ፈታህ? የራሴን ቀን ዓሣ በላሁበት። የአንተን በምን መብቴ እገድፈዋለሁ?»

ከዚያ ወዲያ በሁዳዴ ቤት የሄድኩባቸውን ጊዜያት አስታወስኩ። ሁላችን በልተን ስንነሳ እሷ ማታ ማታ ብቻዋን ማዕድ ትቀርብ ነበር። ሥራ የሚበዛባት ይመስለኝ ነበር።

ማልቀስ የነበረብኝ ሰዓት ይመስለኛል። እኔን ግን የያዘኝ ንዴት ነው። ሆዷ ውስጥ ያልገጠመ ቁስል ይዛ፣ እኔ የጣልኩትን ነገር አንስታ፣ በሰው አገር ልትሞትብኝ! አጠገባችን የሚያጠምዱት ሰዎች ዞር ብለው እስኪያዩኝ ጮህኩባት።

«ጾም በውክልና አለ እንዴ? ማን ውክልና ሰጠሽ?»

«እናት ውክልና አትጠየቅም» አለች።

በዚህ መሐል ዘንጌ ጎበጠ። አላየሁትም። ሽማግሌው እየተጣደፉ መጥተው ያዙልኝ፤ የያዘውም ዓሣ ክሩን በጥሶ ሄደ። ሽማግሌው እኔንም እናቴንም አዩና አዲስ መንጠቆ ያስሩልኝ ጀመር። ሁለት ሰው ሲጣላ ምን መሥራት እንዳለባቸው የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

ውሸት አሰብኩ፤ አልደብቅም። ጾምኩ ብላት፣ ሳን ሆዜ ሄጄ የፈለግሁትን ብበላ ማን ያየኛል? ግን ይቺ ሴት ወረቀት አልበላም ያለች፣ ዓሣን በጥፍሯ ሳትፍቅ የማታምን ሴት ናት። ደግሞ እሷ እኔ ሳላያት ይህን ሁሉ ዓመት ጾማልኛለች። እኔ እሷ ሳታየኝ ልበላ?

«በቃ» አልኳት። «የእኔን መልሺልኝ።»

«ምኑን?»

«ጾሜን። ራሴ እጾመዋለሁ። አንቺ በየቀኑ ትበያለሽ።»

ፊቴን አጠናችው። «አታምንበትም እኮ።»

«አላምንበትም።»

«እሱን እናንተ ተነጋገሩበት» አለች፣ በአገጯ ወደ ላይ እያመለከተች። «እኔ የምፈልገው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

እንዲህ ሆኖ ያን ዓመት ጾመኛ ሆንኩ። ቀላል አልነበረም፤ ቀላል ነው የሚል ሰው ፒየር ላይ ቆሞ ጎረቤቱ ከቴርሞስ ቡና ሲቀዳ፣ ከወረቀት ውስጥ ትኩስ ዶናት ሲያወጣ አላየም። ከፓሲፊካ ኦክላንድ፣ ከኦክላንድ ሳን ሆዜ፣ ሆዴ ይጮሃል። ኩባንያው መኪና ማቆሚያ ውስጥ ተቀምጬ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ እጠብቅና እናቴ የቋጠረችልኝን ሽሮ ፍትፍት እንደ ሌባ እየተጣደፍኩ እበላለሁ። በእረፍት ሰዓት ባልደረቦቼ ፒዛ ይዘው ሲመጡ አመሌ ይከፋል። የአገሬ ልጆች ጋ ሄጄ የጾም በያይነቱ ሳዝማ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ሐዋርያው ተመለሰ! ሲሪየስሊ? አንተ ነህ እንዴ?» አሉኝ። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ወዲያው አቋም ሊጠይቁኝ ነው።

እውነቱን ለመናገር አቋሜ አልተለወጠም። ጸሎት አላደረስኩም፣ ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። የተለወጠው ማጥመዱ ነው። ድሮ ፒየር ላይ የምቆመው ማንም ምንም እንዳይጠብቅብኝ ነበር። ቢይዝም ባይዝም ግድ አልነበረኝም፤ ለዚያም ነው እለቀው የነበረው። አሁን ክሩ በተጎተተ ቁጥር ልቤ ይመታል። ዓሣ ሳላገኝ የተመለስኩ ቀን የመኪናዬን መሪ ይዤ ከራሴ ጋር እጣላለሁ። ዝምታው እንደ ድሮው አላሳረፈኝም፤ ግን አልተውኩትም፣ እንዲያውም ከዚያ በፊት ያን ያህል ወድጄው አላውቅም። ራብ ይዞኝ ውሃውን ሳይ፣ ከሩቅ አገር የመጣች አንዲት ሴት ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ይዟት፣ ባልዲው ውስጥ አንድ ዓሣ ሲገላበጥ እየሰማሁ፣ ለዓመታት እስኪመሽ ሳትበላ ስትቆይ ምን ታስብ እንደነበር ራሴን እጠይቅ ነበር። እሷን አልጠየቅኳትም። ምናልባት የማስበው ያህል አላሰበችበትም ይሆናል። ሥራ ነው ለእሷ፤ አንዱ ሲያቅተው ሌላው ይሠራዋል።

ዓሣውን በየቀኑ በላችው። አንዳንዴ ሰልችቷት ፊቷን ታጨማድዳለች፤ እኔ ደግሞ በርበሬውን እጨምርና «የራስሽን አባ ፈቱሽ፣ የእኔን ወስጃለሁ፤ ምን ሰበብ ቀረሽ?» እላታለሁ። ሰበብ አልነበራትም።

ለሆሳዕና ትንሽ ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ነርሷ መጥታ ፋሻውን ፈታች። ጎንበስ ብላ አየች፣ መብራት ጠየቀችኝ፣ እንደገና አየች። «እማማ! ክሎዝ አድርጓል! ፐርፌክት ነው!» ብላ ቀና አለች። «ከእንግዲህ እኔ አላስፈልግዎትም።» እናቴ እንግሊዝኛው ምን እንደሆነ አልጠየቀችም፤ የልጅቷን ፊት አይታ ገብቷታል። አቅፋ ሳመቻት፣ መረቀቻት፣ እስከ ደረጃው ሸኘቻት። እኔ ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ዘግይቶም ቢሆን መጣ።

ስወጣ ማዕድ ቀርቧል። የትናንቱን ፐርች አሙቃ፣ አጥንቱን እየለቀመች ተቀምጣለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያን ያህል ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር፤ የነርሷን አነጋገር እየደገመች «ክሎዝ! ክሎዝ!» ትላለች። እየሳቀች ከእንጀራው ቆረሰች፣ የዓሣውን ወፍራም ሥጋ ጠቀለለችና፣ እንደማንኛዋም እናት፣ ሳታስብበት ወደ አፌ ዘረጋችው። እኔም ሳላስብበት አፌን ከፈትኩ።

እጇ መሐል ላይ ቆመ።

«ውይ!» አለች። «አንተ እኮ ጾመኛ ነህ።»

እንደዚያ ብላኝ አታውቅም። ቃሉን በአክብሮት ነው ያለችው፤ ለትልቅ ሰው እንደሚባል። ጉርሻውን መለሰችና ራሷ ጎረሰችው። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ደስ ብሎኛል፣ ርቦኛልም። ሰዓቴን አየሁ። ገና አምስት ሰዓት ነበር።